ሐዘን ነቃዩ ማሽን

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ እናት አባት ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ሁሉም «ጋሽ ቀይ ስክሪብቶ» የሚሏቸው አንጋፋ አርታኢ አንድ የማይናወጥ ሕግ ነበራቸው። አንድ ረቂቅ አንዴ ሲያነቡት ከገባቸው ሽፋኑ ላይ በቀይ «ለጨዋታ» ብለው ይጽፉበታል፤ ሦስት ጊዜ አንብበውት ካስቸገራቸው ደግሞ «ለቁም ነገር» ይሉታል። ለቁም ነገር የተባለው በጠንካራ ሽፋን ታትሞ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። ለጨዋታ የተባለው በስስ ወረቀት ታትሞ አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ይሸጥና ዝናብ ሲመጣ ራስ መሸፈኛ ይሆናል። ደፍሮ የጠየቃቸው ስላልነበረ ሕጉ ከእሳቸው ጋር አብሮ አረጀ።

ታዲያ አንድ ቀን መንጋጋቸው አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ተራቸውን ሲጠብቁ ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ የሚያቀርቡትን ረቂቅ ያገላብጡ ነበር። ስለ መጪው ዘመን የተጻፈ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ገና ሳይጨርሱት «ለጨዋታ» ብለውበታል። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ስትጠራቸው ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ረስተው ገቡ።

ወጣቷ ሐኪም ማደንዘዣውን ከወጋቻቸው በኋላ እስኪይዝ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደጅ በእጅዎ የነበረው ረቂቅ የእኔ ነው» አለች። «በቀይ የተጻፈበትንም አይቻለሁ። እኔ ተማሪዎች እጅ እንዲገባልኝ ነበር ምኞቴ።»

ጋሽ ቀይ ስክሪብቶ ክው አሉ። ጥርሳቸውን ልትነቅል ከተዘጋጀች ሰው ጋር መከራከር የሚያዋጣ ነገር አልመሰላቸውም፤ ቢሆንም ያመኑበትን መደበቅ አልለመዱም።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። አጻጻፍሽ ግሩም ነው። ግን ሐዘን የሚነቅል ማሽን በዓለም ላይ የለም። የሌለ ነገር ምን ያስተምራል? ደግሞም እስከደረስኩበት ድረስ ገና በአንዴ ወለል ብሎ ገባኝ። ቁም ነገር እንዲህ በዋዛ አይገባም።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ከጠረጴዛዋ ላይ ጡብ የሚያህል የፕላስቲክ ጥርስ አነሳች።

«ይህን የሚያህል ጥርስ ያለው ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«እግዜር አያሳየኝ።»

«እኔም አላየሁም። ግን የጥርስን ሥር የተማርኩት በዚህ ነው። እውነተኛው ትንሽ ነው፣ ያለውም ጨለማ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አጉልተው ሠሩልን። የእኔም ማሽን እንደዚያው ነው። ሐዘን አብሮን ስለሚኖር ምን እንደሚጠብቅልን አይታየንም። ‹ቢነቀልስ?› ብዬ አጎላሁት።»

«ይሁን። ስለ ቅለቱስ ምን ትያለሽ?»

«ሕመምዎን በማያውቁት ቋንቋ ብነግርዎት አዋቂ ናት ይሉኛል?»

«የደበቀችኝ ነገር አለ እላለሁ» አሉ፤ ወዲያው ግን መልሳቸው ለእሷ እንደመሰከረላት ገባቸው።

ከንፈራቸው እየከበደ መጣ። ሐኪሟ ጥጡን ይዛ ቆም አለች። «የሰው አፍ ዘግቶ መርታት ነውር ነው፤ ጨርሰው ይናገሩ። ለመሆኑ ረቂቁን ሲያነቡ የት ደረሱ?»

«ሰውየው ሐዘኑን አስነቅሎ ሲመለስ፣ የሟች ሚስቱን መነጽር ላላፊ አግዳሚ ሲሰጥ።»

«እዚያ ላይ ለምን አቆሙ?»

እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። እዚያ ሁለት መነጽር አለ። አንዱ የእሳቸው ነው፤ ሌላው ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ከዚያ ኪስ ርቆ አያውቅም።

«እንጃ ልጄ። ደጋግሜ ጀመርኩት፤ ማለፍ አቃተኝ።»

«ቃሉ ከብዶዎት ነው?»

«የከበደኝስ ቃሉ አይደለም» አሉ በቀስታ፤ ከዚያም አፋቸውን ከፈቱላት።

እዚህ ላይ ተራኪው ጣልቃ ቢገባ አይፈረድበትም። ብዙዎቻችን የመጽሐፍን ክብደት የምንለካው በገጹ ላይ ባለው ጭጋግ ነው። ጋሽ ቀይ ስክሪብቶ ግን ያን ቀን፣ አፋቸው ተከፍቶ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ፣ ክብደቱ አንባቢው ኪስ ውስጥም ሊገኝ እንደሚችል አሰቡ።

ጥርሱ ተነቅሎ ሲወጡ የመጠበቂያው ክፍል ደርቷል። ጉንጫቸው ያበጠ አንዲት አሮጊት ረቂቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያነበቡትን ገጽ አጠገባቸው ላለ ሹፌር ያቀብላሉ።

«እኔ ብሆን ነገ ዛሬ ሳልል አስነቅለዋለሁ» አለ ሹፌሩ።

«የእናትህንም ሐዘን?» አሉ አሮጊቷ።

ሹፌሩ የያዘውን ገጽ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። እንግዳ ተቀባይዋ ለአሮጊቷ ተራቸው መድረሱን ብትነግራቸው «ለሌላ ስጪልኝ፣ ገጹን ልጨርስ» አሏት።

ጋሽ ቀይ ስክሪብቶ ሽፋኑን ተቀብለው «ለጨዋታ» የሚለውን ሊሰርዙ ብዕራቸውን አወጡ።

«ኧረ ተዉት፣ ጨዋታም እኮ ነው» አላቸው ሹፌሩ።

እውነቱን ነው። ሳይሰርዙ ከሥሩ «ለቁም ነገርም» ብለው ጻፉበት።

መጽሐፉ በጠንካራ ሽፋን ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። ማተሚያ ቤቱም የጨዋታውንና የቁም ነገሩን መደርደሪያ አንድ አደረገው። ወፍራም መጽሐፍ ሲያዩ ይሸሹ የነበሩ ሰዎች ተጠግተው መግለጥ ጀመሩ፤ ሆን ብለው ያጨልሙ የነበሩ ደራሲዎችም ጥቂት ብርሃን አስገቡ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው።

ያን ዕለት ጋሽ ቀይ ስክሪብቶ በአሮጊቷና በሹፌሩ መካከል ተቀምጠው ያቋረጡትን ገጽ አለፉት። እንባቸው በደነዘዘው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። ሐኪሟ ወጥታ መሐረብ ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ማደንዘዣው ሲለቅዎት ያምዎታል።»

የደረት ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ምላሳቸው እየተኮላተፈ ሳቁ።

«ይመመኝ» አሉ።