በየብርጓል ስልክ ላይ ስለመጣው ስድስት ቁጥር

የምስክር ስም፦ ይስማው አንሙት
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ የገነተ ጽጌ ገበሬዎች ዩኒየን ጥበቃ
አድራሻ፦ አምበር ከተማ
ቃል የተሰጠበት፦ ሰኔ 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት

ዕድሜዬ ሰባ አራት ሲሆን ባለቤቴ ወለተ ኢየሱስ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ዛሬም በሬዎቼን ራሴ ጠምጄ አርሳለሁ፤ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርሁትን ቁጥር ያለ መነጽር አነባለሁ።

ሰኔ 3 ቀን ከቀኑ 7፡30 ገደማ የማዳበሪያ መዝጋቢዋ ወይዘሮ የብርጓል አካለ ወልድ ለጎረቤቷ ቀብር ስትወጣ ስልኳን ሰጠችኝ። ለቅሶ ላይ ስልክ ቢጮህ ነውር ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ እኔ ዘንድ ትቶ ይሄዳል። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ የይለፍ ቃሏን ብታስገባም፣ ስልኳ ላይ የሚመጣውን ስድስት ቁጥር ካልጨመረች ከመጋዘን ማዳበሪያ ማዘዝ አትችልም። "አያ ይስማው፣ ቁጥር ቢመጣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ሁለተኛው ቁልፌ ነው" አለችኝ። "ቁልፍ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት" አልኋት።

7፡50 ላይ የማላውቀው ሰው ደወለ። ከዋናው ቢሮ ኮምፒውተር እያስተካከልሁ ነው፣ አሁን የሚመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ አለ። እምቢ አልሁ። "አይ አባባ፣ ለካ ፊደል አልቆጠሩም! በሉ ማንበብ ለሚችል ሰው ይስጡልኝ" ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። አንድ በአንድ አነበብሁለት። ዘገዩ፣ ጊዜው አለፈበት አለኝ። ሌላ ቁጥር መጣ፤ ሁለተኛውን አፍጥኜ አነበብሁለት። የይለፍ ቃሏን ከየት እንዳገኘው አላውቅም።

9፡00 ሰዓት የብርጓል ተመልሳ "የደወለ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። አፍሬ "የለም" አልሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያ ሰዓት የሌባው መኪና ከከተማው ዳር ካለው መጋዘን ገና እየጫነ ነበር። በእሷ ስም በወጣ ትእዛዝ ስልሳ ኩንታል ማዳበሪያ ይዞ 10፡00 ሰዓት ሄደ። በዚያው ዕለት ስርቆቱ ሲታወቅ እሷ ጡት ያልጣለ ልጇን ቤት ትታ ታሰረች። በማግስቱ የመጋዘኑ ሠራተኛ አብይ "አያ፣ ዝም ይበሉ፤ እርስዎን የጠየቀ የለም" አለኝ። ሳልጠየቅ መጥቻለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሐሰት እንደሌለበት ካረጋገጥሁ በኋላ የሚከተለው እንዲጨመርልኝ አድርጌያለሁ። ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ፤ ልጆቼ አይገቡበትም። ማዳበሪያ ላጡት ገበሬዎች ሁለቱን በሬዎቼን እሸጣለሁ፤ ካልበቃ ባሕር ዛፌን አስቆርጣለሁ። ለየብርጓል ልጅ የምትታለብ ላሜን ዛሬውኑ ነድቼ አደርሳለሁ። ለእሷ ያልኋት "የለም" ገና ያልከፈልሁት ዕዳ ሆኖ ይቀራል። እሱን በሽማግሌ አልልክም፤ ፊቷ ቆሜ "ደውሎ ነበር" እላታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ይስማው
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ አወቀ፣ ፊርማ