ሲጠሯት የማትመልሰው ልጅ

«የካሰች ልጅ ሲጠሯት አትመልስም፤ ንቀት ነው» ይሉ ነበር ጋሼ መኩሪያ። በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጅ የሰው መኪና ፓርክ እያደረጉ፣ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ይደግሙታል። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ፋና ከጓደኞቿ ጋር ሆና ያችኑ ልጅ፣ አበባን፣ «ንቀታም» እያለች አሳደደቻት። አበባ ስትሸሽ አስፋልት ውስጥ ገባች፤ መኪና ገጫት።

በማግስቱ ጋሼ መኩሪያ ከሥራ ወጥተው አውቶቡስ ሲጠብቁ ቀለመወርቅ ደረሰች፤ ዌስትቼስተር ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ፣ ምላሰ ስለት ልጅ። ፋናን በቀበቶ ሊገርፏት መቁረጣቸውን ነገሯት።

እሷ ደግሞ አብራት የምትሠራውን ካምቦዲያዊት አነሳችባቸው። ሴትዮዋ ከአገሯ እልቂት የተረፈች ናት፤ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር፣ ግቢዋ ውስጥ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ የቡድሃን ምክር ታስተምራለች። ልጅ አፉን ከመክፈቱ በፊት «የምለው እውነት መሆኑን አውቃለሁ? ሰው ይጎዳል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ለሚጠላውም ልጅ ሳይቀር ደኅና ሁን ብሎ ይመኛል።

«እና ክርስቶስን ትተን ለድንጋይ እንስገድ?»

«ማን ስገዱ አለዎት፣ ጋሼ? መድኃኒት የቀመመው ሌላ ነው ተብሎ ይደፋል?»

«እኛ ጾም አለን። ምን ጎደለን?»

«አለን። ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ሰው ግን ይበላሉ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩአት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ፋና ‹ንቀት›ን ከማን አፍ ወሰደችው? ቢገርፏት የምትማረው ጉልበተኛ ደካማን እንደሚመታ ነው። እሱን ደግሞ ከእርስዎ በላይ ታውቀዋለች።»

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈሩም። በሽበት ላይ መመከር መራራ ነው፤ ያልዋጠው ግን አይድንም።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋ ዘንድ ውሰጂን» አሉ በመጨረሻ። «ከፋና ይልቅ ምክሩ ለኔ ያስፈልገኛል።»

ምክሩ ሠራ። ፋና ቅጽል ስም ማውጣት ተወች፤ ሌሎቹ ሲጀምሩም መሐል ትገባለች። ጋሼ መኩሪያም ሐሜት ምላሳቸው ጫፍ ሲደርስ የሴትዮዋን ጥያቄ ራሳቸውን ጠይቀው ይውጡታል። ልጅ የሚሰማውን ይናገራል፣ የሚናገረውን ያደርጋል፤ የታላላቆቹ አፍ ሲጸዳ የታናናሾቹ እጅ ይታረማል።

ይህ ሁሉ ግን የመጣው ከአበባ ቀብር በኋላ ነው። አበባ ያን እሁድ አላየችም።

በቀብሯ ዕለት ካህኑ በጸሎቱ መሐል ስሟን ሲጠሩ እናቷ ካሰች አቋረጠቻቸው።

«ስሟን ብዙአየሁ ይበሉልኝ፣ አባ። አበባ ሱዳን አፈር የለበሰችው እህቷ ናት። ይህችን በሟቿ ወረቀት ነው እዚህ አገር ያስገባኋት። በእህቷ ስም ሲጠሯት አቤት ማለት አልሆነላትም።»