የፍርግርጉ ልክ

ከረሃቡ ሸሽቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደገባሁ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። አንድ የእህል ነጋዴ ሐጂ ለመኖሪያ ቤቱ ባለ መዝጊያ መስኮት፣ ለማሽላ መጋዘኑ ደግሞ ነፋስ እንዲገባ የብረት ፍርግርግ ብቻ ያለው መስኮት አሠራኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አስጠራኝ። ብደርስ ዘበኛውን፣ የመተማውን ጋሼ ተገኘን፣ ፖሊስ ሊጠራበት አቁሞታል።

«ከመስኮቱ ሥር ካለው ጆንያ ማሽላ እየጎደለ ነው» አለኝ። «በዚህ ፍርግርግ እጅ እንደማይገባ አንተ መስክር።» የራሱን እጅ በብረቶቹ መካከል ሰደደ፤ ክንዱ ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። «ወላሂ አይገባም። የበሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ እሱ ዘንድ ነው።»

ጋሼ ተገኘ አቀርቅሮ መሬት ያያል። ዝም ብል እንጀራዬ ይተርፍልኛል። አልሆነልኝም፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ረሃቡ ያከሳውን ክንዴን ሰደድኩ። እስከ ትከሻዬ ገባ፤ ጣቶቼ ጆንያውን ነኩ።

ሐጂ ክንዴን ትክ ብሎ አየው። ሌባው አንተ ነህ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ዘበኛውን «ወደ ሥራህ ግባ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ነገ ብረት ጨምርበት» አለኝ።

ጨመርኩበት። መጥበቡንም የለካሁት በዚያው ክንዴ ነው።