ጋሽ ሽጉጤ ስልሳ አንድ ኳስ የመከቱ ዕለት

ጋሽ ሽጉጤ፣ ቁጭ ይበሉ፤ ዛሬ የሚታጨድ ሳር የለም! ሚስተር ናይዱ፣ አጠገብዎ ያለችው ቤዛ በጆሮዎ ትተረጉምልዎታለች፤ የሚያሳፍረውን ግን ትዝለለው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሽ ሽጉጤ የዚህ ክሪኬት ክለብ ሜዳ ጠባቂ ሆነው ሲመጡ ክሪኬት አይተው አያውቁም። ሜዳው መሃል ሳር የሌለው ደረቅ መሬት አዩ። ኳሱ የሚነጥርበት መሆኑን ማን ይንገራቸው? «ምስኪን፣ ራሰ በራ ሆኗል» ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ አጠጡት! ጭቃ ሆነ፣ ጨዋታው ቀረ። ካፒቴናችን ሚስተር ናይዱ ታዲያ፣ «ዘንድሮ ሳንሸነፍ የዋልነው ዛሬ ነው፤ ሰውየውን እንዳታባርሩት!» አሉ።

የጋሼን ነገር ታውቃላችሁ። አንድ ስኒ ሻይ አርባ ደቂቃ ይጠጣሉ። ወደ ዮቪል ሰፈራችን የሚሄደው ታክሲ ሞልቶ ሲያልፈን እኛ እንራገማለን፣ እሳቸው «ሌላ ይመጣል» ይላሉ። በልምምድ ቀንም ሰው ሲጠፋ የኳስ መምቻውን ዱላ ይዘው ይቆሙ ነበር።

ባለፈው መጋቢት ግን ቀልድ አልነበረም። ስንሸነፍ ከርመን የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ኮሚቴው፣ «ከተሸነፋችሁ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ትወርዳላችሁ፤ ኩሽናውም ይዘጋል» ብሎናል። የባለቤቴ የቴምቢሳ ሱቅ በኮሮናው ከተዘጋ ሰባት ወሩ ነበር፤ የቤታችን ጉሮሮ እኔ በማበስልበት በዚሁ የክለብ ኩሽና ላይ ነበር። በዚያ ላይ አንድ ተጫዋች ኮሮና ይዞት ተኛ። አሥራ አንደኛው ሰው ማን ይሁን? ጋሽ ሽጉጤ!

እኛ የምንመታበት ተራ ነው፤ ዘጠኙ መቺዎቻችን ኳሱ አሸንፏቸው ከጨዋታ ወጡብን። ሚስተር ናይዱና ጋሼ ብቻ ቀሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ከወጣ አለቀልን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልወጡ እኩል እንለያያለን፤ አንወርድም። ከተጋጣሚዎቻችን ኳስ የሚወረውረው ጎረምሳ ኳሱን እያሻሸ፣ «ማዳላ! ሂድ ሳርህን እጨድ!» አላቸው፤ «አንተ ሽማግሌ» ማለቱ ነው።

«ጠዋት ጨርሻለሁ ልጄ። አሁን ሥራ የለኝም።»

ጋሼ ማስካቸውን እንዳደረጉ ኳሱን በዱላው መከቱ። ደግመው መከቱ። እኔ በኩሽናው መስኮት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ምቱት!» ብዬ ስጮህ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «አንቺ በቀለች፣ ሳምቡሳሽን ገልብጪ!» አሉኝ።

ስልሳ አንድ ኳስ። አንድ ነጥብ አላገቡም። ግን ሰዓቱ ሞላ፣ አልወጡም!

ጓንቱን ሲያወልቁ አውራ ጣታቸው አብጦ ጠቁሯል፤ ለካ ከተሰበረ ቆይቷል። በረዶ እያሰርኩላቸው፣ «ምነው ጋሼ፣ ለምን ትተውት አልወጡም?» አልኳቸው።

«እኔ ሳር አጫጅ ነኝ፤ ሳር የትም አለ» አሉኝ። «አንቺ ግን በዚህ ዘመን ሌላ ኩሽና ከየት ታገኛለሽ?»

ያን ቀን አለቀስኩ። ዛሬ በሰው ፊት ልበል፦ ልጆቼ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የዋሉት በእርስዎ ጣት ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተም ዛሬ የበላችሁት ሁሉ የበሰለው እሳቸው ባቆዩልኝ ኩሽና ነው።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቆ አንሱ! ጋሼ፣ አገርዎ ሲገቡ ሆሳዕና ከተማ ላይ ልጅዎ ባህሪያ ትጠብቅዎታለች። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፣ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ ከእንግዲህስ ማንም ምንም አይወርውርብዎት!