የሕዝቡን ልብ የሚያውቁት ሰው

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ጃክሰን ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ዊላዲን የተጠበሰ ዓሣዋን ይዛ ከጓደኛዋ ከኦዜላ ጎን ተቀመጠች። ከጀርባዋ ባለው ጠረጴዛ የግዛቱ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ኃላፊ እየበሉ ነው። በብርዱ ወራት ተቋሙ ቀጥሯት ለሰው ስልክ እየደወለች የሕዝብ አስተያየት የሰበሰበችው እሷ ነበረች። ዞራ አላየቻቸውም፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች።

«ኦዜላዬ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ?... እኔማ የሚያመኝ ጆሮዬ ነው። ስምንት መቶ ሰው በስልክ ማናገር ቀላል መሰለሽ?

«በትንሽ ጥፋት የታሰረ ይፈታ ወይስ አይፈታ ነበር ጥያቄው። አንዲት አሮጊት ‹ሥራ የሚያገኝ ከሆነ ይፈታ፣ ልጄ› አለችኝ። ስንቱ እንደሷ አለኝ! እኔ መሃይሟ ‹ይፈታ› የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የተማሩት አለቃችን ግን... ‹ከሆነ› ያለውን ሁሉ ‹አይፈታ› ብሏል ብለው ቆጠሩታ! እንዲህ ያለ ጆሮ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ሕዝቡ ያልተናገረውን የሚሰማ!»

ከጀርባዋ የሹካው ድምፅ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ የሕዝብን ሐሳብ ደግሞ ከአለቃ ቢሮ! ምክር ቤቱም ሪፖርቱን አየና ‹ሕዝቡ ፈርቷል› ብሎ እስረኞቹን የሚያስፈታውን ረቂቅ ሕግ ቀበረው። ወንድሜ ሎይስ እንዴት ነው አልሽኝ?... እዚያው እስር ቤት አለ። ለአንድ ቁንጥር ዕፅ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። ‹ሕጉ ሐሙስ ይጸድቃል፣ ትወጣለህ› ብዬው ብርድ ልብሱን ለእስረኛ ጓደኛው ሰጥቶ ነበር። ጅል!... ጅሏስ እኔ።»

ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ዓሣዋን ጎረሰች። አላምጣ ውጣ ቀጠለች።

«እሳቸውን ግን አላማም። ሰው አክባሪ ናቸው! እኔን እንኳ ‹ታታሪ ሠራተኛችን› ብለው ሪፖርቱ ላይ አመስግነውኛል፤ ስሜን ሎይስ እዚያው ሆኖ ያነበዋል... ጊዜ አለው። ዛሬስ ‹ምሕረትህ› ተብሎ ሲዘመር ከሁላችን በላይ የጮኹት ማን መሰሉሽ? ጣራው እኮ ነው የተንቀጠቀጠ!»

ሰውዬው ሳህናቸውን ገፍተው ተነሡ። ዊላዲን ያን ጊዜ ብቻ ዞረች። ፈገግ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው፣ በሩ ጋ እስኪደርሱም ጠበቀቻቸው።

«እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ኦዜላዬ። በዚያች በመጨረሻዋ ቀን ‹ይግባ ወይስ አይግባ› ሲባል ደግሞ፣ ልክ እንደሳቸው አድርጎ የሚቆጥር መልአክ ይዘዝላቸው!... አሜን በይ እንጂ!»