አውሮፕላኑን «ኣጆኻ» ያለችው እናቴ

እናቴን ለምኜ አውሮፕላን አሳፈርኳት። ከፈራች ግን ከአዲስ አበባ መልሳችን በአውቶቡስ ነው፤ እኔ ደግሞ አውቶቡስ ሞቴ ነው! ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ሰፊው፣ ባለ ሁለት ሞተሩ አውሮፕላን ቆሞ ጠበቀን። «ኣደይ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ሰማይ ላይ ነን» ብዬ እናቴ ላይ ጎረርኩ። ተንደረደረ፤ ሮጠ፣ ሮጠ፣ አይነሳም። «እስከ አዲስ አበባ በምድር ነው እንዴ የሚወስደን?» አለችኝ። ቀጥላ «ኣጆኻ ወደይ፣ ኣጆኻ!» ማለት ጀመረች፤ አይዞህ ልጄ ማለቷ ነው።

«ኧረ አልፈራሁም!» ብላት «አንተን ማን አለህ? እሱን ነው እንጂ!» ብላ በመስኮቱ ክንፉን አሳየችኝ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ተቀብለው «ኣጆኻ!» ሲሉ፣ ያ ግዙፍ እያቃሰተ መሬት ለቀቀ። እልልታው ቀለጠ! አዲስ አበባ ስንወርድ ፈራ ተባ እያልኩ «መልሳችንስ?» አልኳት።

«በዚሁ ነዋ! እኔ ከሌለሁ ማን ያስነሳዋል?»