ይህን ከማን ተማሩት?

ቅናት ከሊቅም ቤት ትገባለች፣ ልጆቼ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በጎንደር ከተማ የቤተ ክርስቲያን ዜማና አቋቋም የሚያስተምሩ ደግ ሰው ነበሩ። ሆዱን የቆረጠው፣ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ከደጃቸው አይጠፋም ነበር፤ ግዕዝ ያወቀ ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለንም ነበርና። ኋላ ግን ፊደል ያስቆጠሯት ይመኙሽ ነርስ ሆና ስትመለስ፣ ጎረቤቱ ፊቱን ወደሷ አዞረ። መሪጌታ ከአጥራቸው ጥግ ቆመው ወደ በሯ የሚያልፈውን ሰው ይቆጥሩ ጀመር። «የሻው ሄደ። ወለላም! በኔ ዳማከሴ ያደገች ወለላ!»

አንድ ቀን ከፒያሳ በታች ድንገት ተገናኙ። ይመኙሽ እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ በሽተኛ አለቀብሽ?»

«እርስዎን ፍለጋ ነው። የለተ ማርያምን ልጅ፣ ታየችን፣ ተቅማጥ ይዟታል። እናቲቱ ውሃ ከልክላታለች።»

«ሸጋ አደረገች! የመከርኳት እኔ ነኝ። ቀዳዳ እንስራ ውስጥ ማን ውሃ ይጨምራል?»

«እንስራ ባዶውን ቢቀር እንስራ ነው፣ የኔታ። ልጅ ግን ውሃዋ ካለቀ ትሞታለች።»

«ትላንት ሀ በይ ያልኩሽ፣ ዛሬ ልታስተምሪኝ? የሻው ስለ ጆሮው ቢጠይቅሽ ‹አላውቅም› አልሽው አሉ። አላውቅም የሚል አዋቂ!»

«አልኩት። ከዚያ ሐኪሙን ጠይቄ ነገርኩት። የኔታ፣ ካልተቆጡኝ፣ አንድ እንግዳ መጥቶ ‹አቋቋም አውቃለሁ› ቢልዎ በቃሉ ያምኑታል?»

«እንዴት ተደርጎ! ‹ከማን ተማርህ? የት አስመሰከርህ?› ሳልለው? መምህሩን ካልጠራ መቋሚያ እንኳ አላስይዘውም!»

«ታዲያ ውሃ መከልከሉን እርስዎ ከማን ተማሩት?»

መሪጌታ ነገሩን ከየት እንደሰሙት አስታወሱ። ከኮላ ድባ ገበያ ሲመለሱ አብሯቸው የተጓዘ በቅሎ ነጋዴ ነበር የነገራቸው። ስሙን እንኳ አያውቁትም። ለዜማ ምስክር የሚሹት ሰው፣ ለሕፃን ነፍስ የመንገደኛ ወሬ በቅቷቸው ኖሯል።

«ምን ይደረግላት?» አሉ ቀስ ብለው።

«እናቷ ጡት አትከልክላት። ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በማንኪያ ደጋግማ ትስጣት። ዓይኗ ከጎደጎደ ወይም ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ታምጣት።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው በቀጥታ ለተ ማርያም ቤት ገቡ።

«ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር። ውሃ ስጫት» ብለው የይመኙሽን ቃል አንድ ሳያጎድሉ ነገሯት።

ለተ ማርያም ውሃ ልትጥድ ሮጠች። «ይመኙሽም ጧት እንዲሁ ብላኝ ነበር። እኔ ግን እርስዎ ሳይፈቅዱ ብዬ ፈራሁ።»

መሪጌታ ከመደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ስንት ወር የተመኙት ቃል ይኸው ተነገራቸው፤ ሰው ዛሬም ከሷ ይልቅ እሳቸውን ያምናል። የታየች ከንፈር ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ደስታውን ትተው ዓይናቸውን ከልጅቱ ላይ ተከሉ። ልጅቱ ስታለቅስ እንባዋ ጠብ ሲል አይተው ነው «ተመስገን» ያሉት።

ታየች ዳነች፤ በሳምንቱ ዳዴ አለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ውሃ የሚከለክለው የለም። መሪጌታም ምክር ይዞ ለመጣ ሁሉ «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ተማረ?» ይሉታል፤ መልስ ካጣ ወደ ይመኙሽ ይሰዱታል። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለበትም፣ አላውቅም ማለትም ክብር አይነሳም።

ቅናቱስ ለቀቃቸው? አልዋሻችሁም። በሽተኛው ከአጥሩ ሲያልፍ አሁንም ይከተሉትና «ፊደሉን ያስቆጠርኳት እኔ መሆኔን ንገራት!» ይላሉ።